ማንኪያው ስንት ይይዛል? የልጆቻችን መድኃኒትና የብድር መዝገባችን

(ቡሬ ላይ በተደረገው የማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



በዚህ ሰዓት ከፊታችሁ ስንቆም ብዙ ጊዜ የወሩን ገቢና ወጪ አንብበን እንቀመጣለን። ዛሬም መዝገቡን ይዘን ነው የመጣነው። ነገር ግን የምናነብላችሁ ድምሩን ሳይሆን አንዱን ዓምድ ብቻ ነው። በድንገተኛ ብድር መዝገባችን ላይ ከስምና ከገንዘቡ ልክ ቀጥሎ «ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ። ሰኔ 30 ላይ ዓመቱን ስንዘጋ ይህን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አነበብነው። «ለልጅ መድኃኒት» የሚለው ጽሑፍ ተደጋግሞ እናየው ነበርና ይህ አልገረመንም። የገረመን የአንድ ልጅ ሕመም ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተመልሶ መጻፉ ነው። ስለዚህ እናቶቹን አነጋገርን። ስማቸውን ሳንጠራ የነገሩንን እንድንናገር ፈቅደውልናል።

የመጀመሪያዋ እህታችን ከቆላው ወገን ናት። ከክረምት በኋላ ወባ ሲነሣ የሦስት ዓመት ልጇ አተኮሰው። ደም ታይቶ ወባ ተባለ፤ መድኃኒትም ተሰጠው። «ክብደቱ ስንት ነው?» ተብላ ስትጠየቅ ከክትባት ካርዱ ላይ የምታስታውሰውን 13 ኪሎ ተናገረች። ያ ቁጥር የቆየ ነበር፤ ልጁ በዚያ ቀን አልተመዘነም። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ተመልሶ መጣ። በሁለተኛው ጊዜ ሲመዘን ከ15 ኪሎ በላይ ሆኖ ተገኘ። ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ደግሞ በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው የሚሰጠው። ከ5 ኪሎ እስከ 15 ኪሎ ያልሞላ ልጅ በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ፣ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ያልሞላ ሁለት ፍሬ፣ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ያልሞላ ሦስት ፍሬ ይወስዳል። በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ይዋጣል። እንግዲህ ያ ልጅ የወሰደው የሚገባውን ግማሽ ነበር። ወባው የተመለሰው በዚህ ብቻ ነው ብለን አንፈርድም፤ ወባ በሌላም ምክንያት ይመለሳል። ግማሽ መድኃኒት እንደማይበቃ ግን ጥርጥር የለውም። መዝገባችን ላይ ይህ ታሪክ ሦስት ብድር ሆኖ ተጽፏል፤ አንዱ ለመድኃኒት፣ ሁለተኛው ፍኖተ ሰላም ድረስ ለመኪና፣ ሦስተኛው እዚያ ለተቀመጡባቸው ቀናት ቀለብ።

ሁለተኛዋ እህታችን ሁለት ልጆቿ አብረው ሳሉባት። ትንሹ ሳምባ ምች ነው ተብሎ አሞክሳሲሊን ታዘዘለት፤ ትልቁ ገና አልታየም ነበር። ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ከማኅበራችን ጠየቀች። በዚያ ሳምንት የድንገተኛው ሣጥን ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። እኛም የጠየቀችውን ግማሽ ሰጠናት፤ ፊርማችን አሁንም መዝገቡ ላይ አለ። እሷም አንዱን ጠርሙስ ለሁለት ልጆች ከፈለችው። ግማሽ ብድር ሰጠን፤ እያንዳንዱ ልጅ ግማሽ መድኃኒት ጠጣ። ትንሹ አልዳነም ነበር፤ በስድስተኛው ቀን ትንፋሹ እየፈጠነ ተመልሶ ጤና ጣቢያ ገባ። አሁን ደኅና ነው፣ ይመስገን።

ሦስተኛዋ እናት እኛው ነን፤ ይህን መዝገብ የምንይዘው። ሸሽገን ምን እናደርጋለን? የመጨረሻዋ ልጃችን አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሆኗት፣ 10 ኪሎ ገደማ ስትመዝን አተኮሳት። ቤት ውስጥ የነበረው የፓራሲታሞል ሽሮፕ አልቆ ሌላ አስገዛን። ዓመት መዝጊያ ነበርና ዓይናችን ደረሰኝ ላይ፣ እጃችን ካልኩሌተር ላይ ነበር። የመጣው ጠርሙስ አነስ ያለ ነበር፤ «ዛሬ ደግሞ ትንሹን ላኩልን» ብለን አለፍነው። እንደ ወትሮው አንድ የሻይ ማንኪያ ሞልተን ሰጠናት። ሌሊት ደግመን ሰጠናት። ሲነጋ ጠርሙሱን ስናነብ ሽሮፕ ሳይሆን ጠብታ ነበር። መለኪያ ጠብታው ካርቶኑ ውስጥ እንደ ነበረ ከቆሻሻ ላይ አገኘነው። የሸጠልንም ሰው ሲሸጥ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። እኛ የለመድነው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው። ያ ጠብታ ግን በአንዱ ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም ነበረው። ስለዚህ ያው አንድ ማንኪያ 500 ሚሊ ግራም ሆነ ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ራሱን ሲያመው የሚውጠው ሙሉ ፍሬ! ያንን ነው ሁለት ጊዜ ለ10 ኪሎ ልጅ የሰጠነው። ሕይወቱን ሙሉ ብርና ሳንቲም የሚለይ ሰው፣ በልጁ ላይ ሲሆን ሳንቲሙን ብር አድርጎ መዘገበ። ሐኪም ቤት ይዘናት ሮጥን። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበትን ነው የሚጎዳው፤ ጉዳቱም ቶሎ አይታይም፤ ልጁ ደኅና መስሎ ሊውል ይችላል። ደሟን መረመሩ፣ አሳደሩን፣ ደግመው መረመሩ። ምንም አልሆነችም። እኛ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ጠርሙስ ሳናነብ አንከፍትም።

ውድ እህቶቻችን፣ ሦስታችንም ልጆቻችንን እንወዳለን። ሦስታችንም ሰነፎች አይደለንም። ታዲያ ምን ነካን? «ማር ሲበዛ ይመራል» እያልን ነው ያደግነው፤ ለመድኃኒት ሲሆን ግን ሲያንስም እንደሚመር የነገረን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ማንበብና የጤና ባለሙያዎችን መጠየቅ ጀመርን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ ያገኘነውን ነው።

መጀመሪያ ያወቅነው ነገር ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሐኪሞች ራሳቸው ለልጅ የሚበቃውን ልክ ለማግኘት ብዙ ዘመን ደክመዋል። ድሮ አውሮፓ ውስጥ የአዋቂውን መጠን በዕድሜ ይከፋፍሉ ነበር። የያንግ ደንብ የሚባለው እንዲህ ይላል፤ የልጁን ዕድሜ ውሰድ፣ ዕድሜው ላይ 12 ደምረህ ለድምሩ አካፍለው። የአራት ዓመት ልጅ ከሆነ 4 ለ16 ሲካፈል አንድ አራተኛ ይመጣል፤ የአዋቂውን ሩብ ይሰጡታል። ሌላው የክላርክ ደንብ ደግሞ ልጁን መዝኖ ክብደቱን 68 ኪሎ ከሚሆን አዋቂ ጋር ያነጻጽር ነበር። ለሒሳብ ሠራተኛ ደስ የሚል ስሌት ነው። ግን ሁለቱም ሕፃንን እንደ ትንሽ ትልቅ ሰው ነው የቆጠሩት። ሕፃን ደግሞ ትንሽ ትልቅ ሰው አይደለም።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ጉበቱና ኩላሊቱ ገና ሥራቸውን አልለመዱም፤ መድኃኒቱን ቶሎ ማስወጣት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ውስጥ ክሎራምፌኒኮል የተሰጣቸው ጨቅላ ሕፃናት ሰውነታቸው አመድ መስሎ እንደሚሞቱ የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ አዋቂን ያድን ነበር፤ ለጨቅላዎቹ ግን ሰውነታቸው ውስጥ ተከማችቶ መርዝ ሆነ። በሌላ በኩል ደግሞ የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ብዙ መድኃኒቶችን ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ ያስወጣል። ለእንደዚህ ያለው ልጅ በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂው የበለጠ ያስፈልገዋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ምስክር ነው። ለብዙ ዓመታት ልጆች በኪሎ እንደ አዋቂው ይሰጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ያ እንደማይበቃቸው አይቶ መጠኑን ከፍ አደረገው፤ አይሶናያዚድ ከ5 ወደ 10 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ሪፋምፒሲን ከ10 ወደ 15። ያም ሆኖ ልኩን የጠበቀ፣ በውኃ የሚሟማ የልጆች ፍሬ ገበያ ላይ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ነው። እስከዚያ እናቶች የአዋቂውን ፍሬ በቢላ ይሰብሩ ነበር። ፍሬ በቢላ ሲሰበር እኩል እንደማይሆን እኛ ሴቶች እናውቃለን።

ለምን ዘገየ? መድኃኒት ሲሠራ የሚሞከረው መጀመሪያ በአዋቂ ላይ ነው። በልጅ ላይ መሞከር ያስፈራል፣ ገንዘብም ይፈጃል፣ ሕፃን ደግሞ «እዚህ ጋ አመመኝ» ብሎ አይናገርም። ስለዚህ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ በግምት ሲሰጡ ኖሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ብቻ የሆነ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ኮአርተም ወደ አገራችን የወባ ሕክምና መመሪያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2004 ሆኖ ሳለ፣ ከ5 ኪሎ በታች ላሉ ሕፃናት ተለክቶ የተሠራው ዓይነት በስዊዘርላንድ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ከ20 ዓመት በላይ ትንሾቹ ጠበቁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከመካከላችን የዓይን ማዝ መድኃኒት ዘመቻ የማያስታውስ የለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተካሄዱት የወባና የትራኮማ ሳምንታት፣ ጤና ቢሮው ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ጋር ሆኖ አዚትሮማይሲን ሲያድል፣ የቀበሌው ሰው ሁሉ ተሰልፎ ነበር። አዋቂዎቹ አራት አራት ፍሬ ዋጥን። ልጆቹን ግን ምልክት የተደረገበት ረጅም እንጨት አጠገብ እያቆሙ ነበር የሚለኳቸው። አንዳንዶቻችን «ቁመቱን ምን ያደርጉለታል? ወታደር ሊመለምሉ ነው እንዴ?» እያልን ስቀናል። እንጨቱ ሚዛን ነበር። በየተራራውና በየሸለቆው ሚዛን ተሸክሞ መሄድ አይቻልም። የልጅ ቁመት ደግሞ ከክብደቱ ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ራሱ የደረሰበትን ምልክት አይተው ስንት ፍሬ ወይም ስንት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ እንደሚገባው ያውቁ ነበር። ስድስት ወር ያልሞላቸውን ሕፃናት ደግሞ ከዚያ አውጥተው ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጧቸው ነበር። ትምህርት ቤት ለብልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል ሲሰጥም እንዲሁ በእንጨት ይለካል። እንግዲህ መጠን የሚባለውን ነገር አናውቀውም አንበል፤ በዓይናችን አይተነዋል።

ዕድሜን ትተው ቁመት የለኩበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እኛን ይመለከታል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 46ቱ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል። የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። በቆሎና ጤፍ በሚታፈስበት፣ በርበሬያችን አገር ምድሩን በሚያጠግብበት በዚህ አገር! ይህ የምግብ ጉዳይ ሌላ ስብሰባ ይፈልጋል። ለዛሬው ግን ትርጉሙ ይህ ነው፤ ካርቶን ላይ «ከ2 እስከ 5 ዓመት ይህን ያህል» የሚለውን የጻፈው ሰው የእኛን ልጅ አልመዘነም። የአራት ዓመት ልጃችን የሁለት ዓመት ልጅ ያህል ሊመዝን ይችላል። በዕድሜው ከሰጠነው ይበዛበታል። የመጀመሪያዋ እህታችን ልጅ ደግሞ ተቃራኒው ነው የደረሰበት፤ ጥሩ አድጎ ሳለ የድሮ ክብደቱ ተሰጠው። ሁለቱንም የሚፈታው ያው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ መመዘን።

ስሌቱን አንድ ጊዜ አብረን እንሥራው። አዋላጅ ወይም ፋርማሲስት እንድትሆኑ አይደለም፤ ሲነገራችሁ እንዲገባችሁ ነው። ፓራሲታሞል ለልጅ በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ ከሆነ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይሆናል። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ካለው ጠብታ ከሆነ ግን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በአንዱና በሌላው መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት መቆየት አለበት፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ሁለት ዓይነት የጉንፋን ሽሮፕ አንድ ላይ የምትሰጡም ተጠንቀቁ፤ በሁለቱም ውስጥ ፓራሲታሞል ሊኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ እንደ መመዝገብ ነው።

አሞክሳሲሊንም እንዲሁ ነው። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ያለውም 250 ያለውም አለ፤ ጠርሙሱ ይመሳሰላል፣ ጉልበቱ ግን እጥፍ ነው። በውኃ የሚሟማው 250 ሚሊ ግራም ፍሬ ደግሞ ጤና ኬላ ላይ ለሳምባ ምች የሚሰጠው ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ4 ኪሎ እስከ 10 ኪሎ ላልሞላ ልጅ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፣ ከ10 እስከ 14 ላልሞላ ሁለት ሁለት ይሰጣል። ትንፋሹ ተስተካከለ ብለን በሁለተኛው ቀን ማቆም የለብንም፤ የተባለው ቀን ድረስ ይጨረስ። ዱቄት ሆኖ የሚመጣውን ሽሮፕ ስንበጠብጥ ውኃው ጠርሙሱ ላይ እስካለው ምልክት ይድረስ፤ ከበዛ ይቀጥናል፣ ካነሰ ይበረታል። ከተበጠበጠ በኋላ የተባለው ቀን ሲያልፍ ይደፋ። ለሚቀጥለው ክረምት አይቀመጥም፣ ለጎረቤት ልጅም አይሰጥም። ደግነታችንን በሌላ ነገር እናሳይ።

ለተቅማጥ የምንሰጠው ኦ አር ኤስም መጠን አለው። አንዱ ከረጢት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። «ሃይላንድ» የምንለው ጠርሙስ ግማሽ ሊትርም፣ አንድ ሊትርም፣ ሁለት ሊትርም አለ፤ አይተን እንውሰድ። ውኃው ሲያንስ ጨው ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳዋል። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። ዚንኩ ደግሞ ስድስት ወር ለሞላው ባለ 20 ሚሊ ግራሙ ሙሉ ፍሬ፣ ከዚያ በታች ላለው ግማሽ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ነው።

ባለፈው ወር እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ያደረግነውን የመጣችሁ ታስታውሳላችሁ። እያንዳንዳችን ከቤታችን መድኃኒት የምንሰጥበትን ማንኪያ ይዘን መጣን። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውኃ እየቀዳን ማንኪያውን ሞላነው። አንዱ 3 ሚሊ ሊትር ሳይሞላ ፈሰሰ። አንዱ ልክ 5 ያዘ። የአንዲት እናታችን የቆየ ማንኪያ 7 ይዞም ቦታ ነበረው። እሷም «እንግዲህ እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በእግዜር ሚዛን ነው» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ሳቁ ሲበርድ ግን ዝም አልን። «አንድ ማንኪያ» የሚለው ቃል በእያንዳንዳችን ቤት ሌላ ሌላ ነገር ኖሯል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንድንይዛቸው የምንጠይቃችሁ አምስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ልጅ በየወሩ ይመዘን። በድጋፍ ሰጪዎቻችን እርዳታ የተገዛው ሚዛን ይኸው፤ በየስብሰባው ቀን እዚሁ ይሰቀላል። ክብደቱን ከቀኑ ጋር ካርዱ ላይ ጻፉ። ሲታመም ደግሞ «መዝኑልኝ» በሉ፤ የቆየ ቁጥር አትናገሩ።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት ስትቀበሉ አራት ጥያቄ ሳትጠይቁ አትውጡ። ለምንድን ነው? በአንድ ጊዜ ስንት ሚሊ ሊትር ወይም ስንት ፍሬ ነው? በቀን ስንት ጊዜ ነው? እስከ ስንት ቀን ነው? ከዚያ «በዚህ መለኪያ አሳዩኝ» በሉ። ማንበብ የማትችል እናታችን ሲሪንጁ ላይ በስክሪብቶ ምልክት ታስደርግ። ማፈር አያስፈልግም፤ ዲፕሎማ ያላት የሒሳብ ሠራተኛችሁም ባለመጠየቋ ሐኪም ቤት አድራለች።

ሦስተኛ፣ ካርቶኑና መለኪያው መድኃኒቱ እስኪያልቅ አይጣሉ። መለኪያ የሌላችሁ ከማኅበሩ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሰዱ። የአንዱን መድኃኒት ጠብታ ለሌላው አትጠቀሙበት።

አራተኛ፣ መድኃኒት ከጤና ተቋም ወይም ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ ይገዛ፤ ከገበያ ምንጣፍ ላይ አይገዛ። መጠኑን አሳምረን ብንለካ እንኳ ውስጡ ያለው ካልታወቀ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ 70 ያህል ሕፃናት የሞቱት ኩላሊት የሚያጠፋ ኬሚካል በተገኘበት የሳል ሽሮፕ ምክንያት ነው።

አምስተኛ፣ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ቤት ውስጥ ምንም ሳንሞክር ወደ ሕክምና እንሩጥ። ከዚያ በላይ ያለውም ቢሆን መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ መጠን የምንቆጥርበት ጊዜ አይደለም። ኮአርተም ወስዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያስመልስም ለባለሙያ ንገሩ፤ መደገም ይኖርበታል። አስፕሪን ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ ለልጅ አይሰጥም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ዛሬ ድምፅ የምንሰጥበትም ይኸው ነው።

በደንባችን መሠረት ድንገተኛ ብድር የሚሰጠው ሦስት ፊርማ ሲሟላ ነው፤ ወለድም አለው። ሣጥኑ ሲጎድልም ለሁሉም እየተቀነሰ ይሰጣል። ደንቡን ስናወጣ ፍትሐዊ መስሎን ነበር፤ እኛም ደግፈነዋል። ነገር ግን ማዳበሪያ ተቀንሶ ቢገዛ አዝመራው ይቀንሳል እንጂ ይበቅላል። መድኃኒት ተቀንሶ ሲሰጥ ግን በሽታው አይቀነስም። ለሁለተኛዋ እህታችን የቀነስነው ገንዘብ ልጇ ተመልሶ ሲታመም በሌላ ብድር ወጥቷል፤ ያውም ከቀነስነው በልጦ። የመጀመሪያዋም ሦስት ብድር ከነወለዱ አሁንም እየከፈለች ነው። በመዝገብ ቋንቋ ብንናገር፣ ቆጠብን ያልነው ወጪ ሆኖ ተመልሷል። በእናት ቋንቋ ብንናገር ደግሞ፣ ልጆቹ ሁለት ጊዜ ታመሙ።

ጤና ኬላ ላይ ለሕፃናት የወባም የሳምባ ምችም የተቅማጥም ሕክምና በነጻ እንደሚሰጥ እናውቃለን፤ መጀመሪያ መሄድ ያለብንም ወደዚያ ነው። ግን መድኃኒት የሚያልቅበት ቀን አለ፣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ሌሊት አለ። ለእንደዚህ ያለው ቀን የሚከተለውን አቅርበናል። ከድንገተኛው ገንዘብ ላይ የተወሰነው ተለይቶ «የልጆች ሣጥን» ይባል። ከሣጥኑ ሲበደሩ ወለድ አይኑር፤ አንድ ፊርማ ይብቃ፤ በዚያው ቀን ይሰጥ። የታዘዘው መድኃኒት ሙሉ ዋጋ ይሰጥ፤ ግማሽ አይሰጥ። ከተመለሰው ገንዘብ ጋር የመድኃኒቱ ካርቶን ይምጣ፤ መዝገቡ ላይም የልጁ ክብደት ይጻፍ። የሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ይህን ዓምድ ስናነብ አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ተጽፎ እንደሆነ ቶሎ እናያለን።

የአንዳንድ እህቶቻችንን ስጋት ሰምተናል። «ወለዱ ከቀረ ሣጥኑ በምን ያድጋል?» ብላችኋል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሣጥኑ አያድግም፤ ባለበት ቢቆይ ይበቃናል። ጎደሎውን የሚሸፍነውን ስሌት ለኮሚቴው አቅርበናል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ተለጥፏል፤ ከስብሰባው በኋላ አንድ በአንድ እናስረዳለን። «ያለ ወለድ ከሆነ ሁሉም ልጄ ታመመ ይላል» ያላችሁም አላችሁ። ካርቶኑና የክብደቱ መዝገብ ለዚህ ነው። ከዚያ የሚያልፍ ጥርጣሬ ግን አይኑረን፤ በልጇ ሕመም የምትዋሽ እናት ከምትኖር ይልቅ አፍራ ሳትጠይቅ የምትቀር እናት ትበዛለች።

ለድጋፍ ሰጪዎቻችን አንድ ቃል እንጨምር። የላካችሁት ገንዘብ ሚዛንና ሲሪንጅ ሆኗል፤ ደረሰኞቹ ፋይል ውስጥ አሉ፤ ማየት ይቻላል። ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ለእኛ ቤት አንድ ሲሪንጅ ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት አናድርም ነበር።

ልጃችን አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል። ዛሬ ጠዋት ስብሰባው ሳይጀመር እዚህ ሚዛን ላይ ሰቅለናት 11 ኪሎ ከግማሽ ሆናለች። ካርዷ ላይ ጽፈነዋል። ከንግግሩ በኋላ ሚዛኑ እስከ ማታ ይቆያል፤ ልጆቻችሁን አምጡ፤ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ያሳድግልን።